«ሽሯል» ብዬ ነበር

ስድስት ዓመት ሆነው፣ ይህን ዶሴ ስዘጋ፤
ያኔም ጥር ነበረ፣ ሐይቁ ከዳር የረጋ።
በጽሕፈት ቤታችን፣ በተንደር ቤይ ከተማ፣
ማሞቂያው ያጓራል፣ ሰው ሰውን ላይሰማ።

«ኤይላ ኮስኪ» ይላል፣ የሽፋኑ ጽሑፍ፣
የፊደሉ ቀለም፣ ጥጉ ላይ ሲረግፍ።
ሥራ፦ ስልክ ተቀባይ፣ የድንገተኛ አደጋ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ከምሽት እስኪነጋ።
ጉዳት፦ የአእምሮ። ሰበብ፦ የሥራ ጫና።
ቅጹ ከዚህ በላይ፣ ቦታ የለውምና።

ከመስመሩ በታች፣ ያለውን ሰምቻለሁ፤
ድምፁ ተልኮልኝ፣ ሁለቴ አድምጫለሁ።
የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ከሩቅ የእንጨት ቤት፣
አባቱ ተዘርሮ፣ ከወጥ ቤቱ መሬት።
«መዳፍህን ደርብ፣ ደረቱ መሃል ላይ፣
ተጫን፣ አብሬህ ነኝ፣ ወደ ሌላ አትይ።
እየቆጠርን እንሂድ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
አራት፣ ጎበዝ ልጄ፣ እንዳታቆም፣ አምስት…»

ሠላሳ ሲሞላ፣ እንደገና ካንድ፤
አምቡላንሱ ሲዳክር፣ በበረዶ መንገድ፣
እንደገና ካንድ።
አርባ አንድ ደቂቃ።

አባትየው አልተነሣም።
ልጁ ግን መጨረሻ ላይ ጠየቃት፦
«እትዬ፣ አቆጣጠሬ ልክ ነበር?»
«ልክ ነበር» አለችው። ከዚያ ቀጣዩን ስልክ አነሣች።

ከዚያ ተከራከርን፣ ጠበቃ ለጠበቃ፣
ሐኪሙ ከሐኪም፣ እስኪባል ይበቃ።
ካሳው ተቆረጠ፣ ፈረመች በእጇ፣
ለጣሪያ ጥገና፣ ለዕዳዋ፣ ለልጇ።
«ሙሉና የመጨረሻ»፣ ከሚለው ሐረግ ስር፣
እኔም ስሜን ጻፍኩኝ፣ ከዕለቱ ቀን ጋር፤
በቀይ እስክሪብቶ፣ «ሽሯል» ብዬ ነበር።

ዛሬ መጣች።
ጓንቷን ሳታወልቅ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።
«የልጅ ልጄ» አለች፣ «አይኖ፣ አምስት ዓመቷ፣
ድብብቆሽ ብላ፣ ግድግዳ ላይ ፊቷ፣
ቆጠረች ጮክ ብላ። ሠላሳ ስትደርስ፣
እኔ ምንጣፉ ላይ፣ በጉልበቴ፣ ሳለቅስ፣
እጄን በእጄ ደርቤ፣ ወለሉን ስጫን፣ ስጫን።
‹ሙሙ፣ አልተደበቅሽም!› ትለኛለች።
ሳቋን አልረሳውም። ጨዋታውን ያበላሸሁባት መስሏት ነበር።»

አዲሱን ቅጽ ሰጠኋት። ሰማያዊ ነው፤
«መዝገብ ለማስከፈት» ይላል አርእስቱ።
ሦስተኛው ጥያቄ፦
«ካለፈው ውሳኔ ወዲህ ምን አዲስ ነገር አለ?»
ብዙ አሰበች። «ምንም» ብላ ጻፈች።
ሰረዘችው። ከጎኑ እንደገና ጻፈች፦
«ምንም አዲስ የለም። ችግሩም ይኸው ነው።»

ደንቡን አውቀዋለሁ፤ በዚህ መልስ ዶሴ አይከፈትም።
«ምን ያህል እንደባሰ ጻፊ» አልኳት፣ «በቁጥር ቢሆን ይመረጣል።»
ቀና ብላ አየችኝ።
«ከሠላሳ ስንት?» አለች።

ቁስሉ ያልሻረለት፣ ውሉ ይሻር ሲል፣
«ሐኪም ይመስክር» ነው፣ ደንባችን የሚል።
ቁስሏ ለመሻሩስ፣ ማን መስክሮ ነበር?
እኔ፣ ቀይ እስክሪብቶ፣ አንድ ቃል፣ አንድ መስመር።

ፈርማ ወጣች። ዶሴው ፊቴ ተዘርግቷል፤
ከእሷ ጽሑፍ ቀጥሎ፣ ባዶ ሳጥን ይታያል፤
«የመርማሪው አስተያየት» ይላል።
ቀዩን አነሣሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩት፤
ሰማያዊም አለኝ፣ እሱንም አልነካሁት።

በመስኮቱ አየኋት፣ መኪና ማቆሚያው ዳር፣
የመስታወቱን በረዶ፣ ስትፍቅ በባንክ ካርድ።
ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ምን እንደምትል ለማወቅ
መስማት አላስፈለገኝም።
ሳላስበው አብሬያት ጀምሬ ነበር፤
ሃያ ስድስት ላይ መስታወቱ ጠራላት፣
ገባች፣ ሞተሩን አስነሣች።